ስክሪኑ ላይ የሚነበበውን የፕሮሰሰር ስም አትመኑ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ ለምትገዙ ሁሉ

ለአዲስ ላፕቶፕ የሚበቃ ገንዘብ ስለሌላችሁ ያገለገለ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ቢሆንም የተፈጸመብኝን ሳላጋንን ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ ከእኔ እርግማን ይልቅ ማታለሉ የተሠራበት መንገድ ይጠቅማችኋልና። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ዋናው ቺፕ) ስምንተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ኮር አይ5 ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ላፕቶፕ የቆየ ስድስተኛ ጄኔሬሽን ሆኖ ተገኝቷል፤ ውሸቱም በሻጩ አፍ ብቻ የተነገረ ሳይሆን በዊንዶውስ ገጽ ላይ ተጽፎ በዓይኔ ያነበብኩት ነው።

ዓይነቱን ሻጭ ታውቁታላችሁ። ድርጅቶች ተጠቅመው ያስወገዷቸውን ላፕቶፖች በጅምላ ያመጣል፣ ሽፋናቸውን ይወለውላል፣ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የተፋቁትን ፊደላት በተለጣፊ ይሸፍናል፣ ከዚያም «እንደ አዲስ» ብሎ ይደረድራቸዋል። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ለድርጅት ሥራ ተብለው የሚመረቱት ላፕቶፖች አካላቸው ጠንካራ ነው፤ የብዙዎቹም ራምና ዲስክ ሊቀየር ስለሚችል፣ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገኘው ደካማ አዲስ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ይሻላሉ። እኔም አስቤበት የመረጥኩት ይህንኑ መንገድ ነው። የምፈልገው 14 ኢንች ስክሪን ያለው፣ በቦርሳ ይዤው ስውል ትከሻዬን የማያደክም፣ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣን የመረጃ ማከማቻ) ያለው ማሽን ነበር፤ ከሁሉም በላይ ግን ፕሮሰሰሩ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን እንዳያንስ እፈልግ ነበር።

በዚህ በመጨረሻው መስፈርት ላይ የጸናሁት ለጉራ አልነበረም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ነው። ልዩነቱ በዚህም አያበቃም። ለቀላል ላፕቶፖች የሚሠሩትና ስማቸው በ«ዩ» ፊደል የሚያልቀው አይ5 ፕሮሰሰሮች እስከ ሰባተኛው ጄኔሬሽን ድረስ 2 ኮር (በቺፑ ውስጥ ሥራውን የሚካፈሉ የስሌት ክፍሎች) ብቻ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ስምንተኛው ሲወጣ ግን ኮራቸው 4 ሆነ። ሻጮች ይህን ሁሉ ከእኛ አብልጠው ያውቃሉ። ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፖች በመጋዘን ተከምረውበት፣ ደንበኛው ሁሉ ገና ከበር «ስምንተኛ አለ ወይ?» እያለ ሲገባበት፣ አንዳንዱ ሻጭ ዋጋውን ከመቀነስ ይልቅ ስሙን መቀየር ይቀለዋል።

ወደ መደብሩ ስገባ ላፕቶፑ በርቶ፣ ከቻርጀሩ ጋር እንደተያያዘ፣ የዊንዶውስ የሲስተም መረጃ ገጽ ተከፍቶበት ጠበቀኝ። ገጹ ላይ «ኢንቴል ኮር አይ5-8350ዩ» የሚል በግልጽ ይነበባል፤ ከቁልፍ ሰሌዳው በታች የተለጠፈውም ስቲከር ያንኑ የሚያጸና ነበር። ሻጩም «ይኸው፣ እኔ ሳልሆን ማሽኑ ራሱ ነው የሚነግርዎት» አለኝ። ካሜራውን ሞከርኩ፣ ድምፁን ሰማሁ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫንኩ፤ ሁሉም ይሠራል። ከዚያም «እንግዲህ አጥፍቼ ላስነሣውና ባዮስ ውስጥ ገብቼ ልየው» አልኩት፤ ባዮስ ማለት ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራ፣ የማሽኑን ዕቃ በቀጥታ የሚያነብ ፕሮግራም ነው።

የሚያንገበግበኝ ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው። ሻጩ አልተቆጣም፣ አልደነገጠምም። እጁን ዘርግቶ የላፕቶፑን ክዳን በቀስታ እስከ ግማሽ አወረደውና፣ ፈገግ እንዳለ፣ «እህቴ፣ አሁን ሪስታርት ካደረግነው አፕዴት ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ማቋረጥ አይቻልም፤ እርስዎም እዚሁ ቆመው ሊውሉ ነው» አለኝ። አጠገቡ የነበረው ረዳቱ ማንም ሳይጠይቀው «ባዮስ ውስጥማ አይግቡ፤ እዚያ አንድ ነገር ከተነካ ዋስትናው ይቃጠላል» ሲል አከለበት። ንግግሩን አንዱ ከሌላው እየተቀባበሉ ያወረዱበትን ቅልጥፍና ሳስታውስ፣ ከእኔ በፊት ለስንት ሰው እንደተናገሩት እገምታለሁ። ዊንዶውስ በማይመች ሰዓት አፕዴት የመጀመር ልማዱን ያላየ ሰው ስለሌለ ምክንያቱ ለጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ተንኮሉም ያለው እዚያው ላይ ነው። ክዳኑ እንደ ተጋደመ፣ የሻጩ መዳፍ እላዩ ላይ እንዳረፈ፣ ዓይኑን ከኋላዬ ወደ ቆመው ደንበኛ አዞረና «እንግዲህ ይወስዱታል ወይስ ለእርሳቸው ላሳያቸው?» አለኝ። ከፈልኩ። ላፕቶፑንም ሳያጠፋው፣ ክዳኑን ብቻ ዘግቶ፣ ቦርሳ ውስጥ ከቶ ሰጠኝ።

ነገሩ የተገለጠው ዊንዶውስ 11 ልጭንበት ስነሣ ነው። ማሽኑ የመጣው ከዊንዶውስ 10 ጋር ሲሆን፣ ሻጩ «ቤትዎ ሆነው በነፃ ያሳድጉታል» ብሎኝ ነበር፤ የማይክሮሶፍት የብቃት መመርመሪያ ፕሮግራም ግን ፕሮሰሰሩ እንደማይደገፍ ነገረኝ። የታስክ ማናጀሩን የፐርፎርማንስ ገጽ ስከፍት ስሙ ያው 8350ዩ ነው፤ ከሥሩ ግን ኮር 2፣ ሎጂካል ፕሮሰሰር 4 ይላል። እውነተኛው 8350ዩ 4 ኮርና 8 ሎጂካል ፕሮሰሰር አለው። ስሙንና ቁጥሩን ማስታረቅ ሲያቅተኝ ማሽኑን አጥፍቼ ባዮስ ውስጥ ገባሁ፤ እዚያም ያለ ምንም ጌጥ «ኮር አይ5-6300ዩ» የሚል ተጽፎ አገኘሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ስድስተኛ ጄኔሬሽን የሆነ፣ ባለ 2 ኮር ፕሮሰሰር ነው።

እንዴት ሊሆን ቻለ ለምትሉ፣ አሠራሩ ይህን ይመስላል። ዊንዶውስ በሚነሣበት ጊዜ የፕሮሰሰሩን ስም ከቺፑ ላይ አንብቦ ሬጅስትሪ በሚባለው የቅንብር መዝገቡ ውስጥ ይጽፈዋል፤ የሲስተም ገጹም የሚያሳያችሁ በዚያ መዝገብ የሰፈረውን ጽሑፍ ነው። ያን ጽሑፍ ደግሞ በማሽኑ ላይ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው አርሞ የፈለገውን ስም ሊሰጠው ይችላል፤ የጠርሙስን ወረቀት ልጦ ሌላ እንደ መለጠፍ ያለ ሥራ ነው፣ ውስጥ ያለው አይለወጥም። ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ዊንዶውስ ስሙን እንደገና ከቺፑ ስለሚያነብ እርማቱ ይጠፋል። የእኔው ሻጭ ይህንንም አስቦበታል፤ ተጠቃሚው በገባ ቁጥር የውሸቱን ስም መልሶ የሚተካ አጭር ትእዛዝ በታስክ ስኬጁለር (ትእዛዞችን በተቀጠረላቸው ጊዜ በራሱ የሚያስኬድ የዊንዶውስ ክፍል) ውስጥ ቀብሮ አገኘሁት፤ ለማንም እንዳይታወቅ የድምፅ ፕሮግራም አፕዴት የሚመስል ስም ሰጥቶታል። ይህ የእጅ ስሕተት ወይም የዕቃ መደባለቅ ሊሆን አይችልም። ያን ትእዛዝ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጽፎታል፣ ሞክሮታል፣ በስንቱ ማሽን ላይ እንደጫነውም እርሱ ያውቃል። ሪስታርት እንዳላደርግ ክዳኑን የያዘበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማሽኑ ሲነሣ ባዮስን የሚያልፍበትን ያችን አጭር ጊዜ ትእዛዙ ሊሸፍንለት አይችልም።

ባትሪውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ፋብሪካው የሰጠውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል፤ የእኔው ከግማሽ በታች ወርዷል። ያገለገለ ነውና ድካሙ ይጠበቃል፤ ቻርጀሩን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነቅሉ ያሳዩኝ ግን ድካሙ እንዳይታይ ነበር።

ላፕቶፑን ይዤ ስመለስ «እርስዎ» የሚለኝ አልነበረም። ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ምን ሆነ?» አለኝ። የባዮሱን ገጽ በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶግራፍ አሳየሁት። ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ትንሽ አየውና ለረዳቱ አቀበለው፤ ረዳቱም አይቶ ሳቀ። «ታዲያ አይሠራም?» አለኝ ሻጩ። ይሠራል፣ ግን የሸጥክልኝ እርሱን አይደለም አልኩት። «ዋስትናችን የሚሸፍነው ብልሽት ነው፤ ይሄ ደግሞ አልተበላሸም። ስድስተኛ ሆነ ስምንተኛ አንቺ ለጽሑፍና ለኢሜይል አይደለም እንዴ የምትፈልጊው?» ደረሰኜን አውጥቼ ስዘረጋው ጣቱን «ያገለገለ ላፕቶፕ፣ 1» በሚለው መስመር ላይ አሳረፈ። የሞዴል ቁጥር የለበትም፣ የፕሮሰሰር ስም የለበትም፣ የመለያ ቁጥር የለበትም። ቀጥሎም ያው ጣት ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ወደሚለው ወረቀት ተነሣ።

ስለ ቀበረው ትእዛዝ ስጠይቀው «እኛ ዊንዶውስ የሚጭንልን ሌላ ሰው ነው» አለ። የጫነውን ሰው ጥራልኝ አልኩት፤ ዛሬ አልገባም አለኝ። ረዳቱ በዚህ መሐል ነገሩን በራሱ መንገድ ሊጨርሰው ፈልጎ «ባዮስ ገብተሻል አይደል? ዋስትናው ያኔውኑ ተቃጥሏል» አለኝ፤ ማለትም ማታለላቸውን ማወቄ ራሱ በእኔ ላይ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረ። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ከበሩ ላይ ስደርስ ለሌላው ሠራተኛ፣ እኔ እንድሰማው አድርጎ፣ የተናገረው ነው፦ «አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ደግሞ ጄኔሬሽን ይመርጣል!»

የሥራቸው መሠረት ይህ አስተሳሰብ ይመስለኛል። ገንዘቡ ያነሰ ገዢ የሚጠይቀው ነገር እንደ ድፍረት ይታያል፣ ዝቅ ያለው ዋጋም ለውሸቱ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። እኔ ግን በስድስተኛ ዋጋ ስምንተኛ አልጠየቅኩም፤ የስምንተኛውን ዋጋ ከፍዬ ነው የስድስተኛውን የወሰድኩት። በዚያው መደብር «ስድስተኛ» ተብለው በሐቅ የተቀመጡ ላፕቶፖች ነበሩ፣ ዋጋቸውም በግልጽ ያነሰ ነበር፤ ምርጫዬ ያ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱን ለአዲስ ባትሪ አውለው ነበር። ገንዘቡ የተረፈው ሰው ተታልሎ ሌላ ይገዛል፤ በቁጥር ገንዘብ የመጣ ሰው ግን ከተታለለበት ዕቃ ጋር ይኖራል፣ እነርሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ለምትገዙ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን ራሳችሁ አጥፍታችሁ አስነሡትና የፕሮሰሰሩን ስም በባዮስ ውስጥ አንብቡ። መግቢያው ቁልፍ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ1፣ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10 ነው። ባዮሱ የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁና ሻጩ ካላወቀው ዕቃውን ተዉት። ስትሞክሩት ቻርጀሩ ይነቀል። ሙሉ የፕሮሰሰር ስምና የመለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።

ሻጩ ይህን በምጽፍበት ሰዓት አዲስ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ፎቶግራፉ ላይ የሲስተም ገጹ ተከፍቶ ይታያል፣ ስሙም ያው 8350ዩ ነው፤ ከሥሩ «በብዛት አለን» ይላል።