አሥራ አራት ወር በቆጋ ግድብ ላይ፦ የምትነፋዋ ጀልባዬና ትንሿ ሞተር

ጀልባዋን እህቴ ናት አምና ኅዳር ላይ ከውጭ አገር ያመጣችልኝ። ሞተሩን ባሕር ዳር ያገለገለ ገዛሁ። አሁን ጥር ነው፤ አሥራ አራት ወር ሞላን ማለት ነው። ግድቡን ሞልቶም ጎድሎም አይቼበታለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ጀልባዋን ደግሜ እገዛታለሁ፣ ሞተሩን ግን አልገዛውም።

ምክንያቱ ውሃው ነው። ከሩቅ ለሚያየው ቆጋ ሐይቅ ይመስላል፤ ግን ወደ 7,000 ሄክታር መሬት የሚያጠጣ፣ ሲሞላ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚይዝ የመስኖ ግድብ ነው። መስከረም ላይ ጢም ብሎ ይሞላል። በጋ ገብቶ ቦዩ ሲከፈት ውሃው ቀን በቀን ወደ ውስጥ ይሸሻል። ኅዳር ላይ ጀልባዬን ያሰርኩባት ጉቶ ግንቦት ላይ ደረቅ መሬት ላይ ቆማ ከብት ይታከክባት ነበር። በጉቶዋና በውሃው መካከል ያለው ደግሞ ከላይ የደረቀ የሚመስል፣ ከሥር እስከ ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ከላሜራ የተበየደ ጀልባ ነበረው። ሚያዝያ ላይ ውሃው ጥሎት ሄደ፤ አምስት ሰው ጎትቶ አላነቃነቀውም፣ እስከ ሐምሌ እዚያው ተቀመጠ። የእኔዋ 38 ኪሎ ናት። ሁለት ሆነን ተሸክመናት ጭቃውን እንሻገራለን፣ ሲመሽ አየሯን አውጥተን እናጥፋታለን፣ ጋሪ ላይ ጭነን መራዊ እንገባለን። ለዚህ ግድብ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አላውቅም።

ርዝመቷ 2 ሜትር ከ90 ነው። ጨርቋ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ሲሆን ሦስት ለየብቻ የሚነፉ ክፍሎች አሏት። ወለሏ የሚገጣጠም ኮምፔንሳቶ ነው። መጀመሪያ ቀን ውሃ ዳር ስነፋት አንድ ሽማግሌ አስጋሪ አጠገቤ ቆመው ያዩኝ ነበር። ደንገል ከጣና ዳር እያስመጡ ታንኳቸውን ራሳቸው የሚያስሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ይህች እኮ ነፍስ የላትም፤ ያላት ነፋስ ብቻ ነው። ነፋሷ የወጣ ለት ምን ይውጥሃል?» አሉኝ።

«አባባ፣ ሦስት ቦታ የተከፈለች ናት። አንዱ ቢተነፍስ ሁለቱ ይይዙኛል።»

«ይያዙህ። አንተ ግን ዋና ተማር።»

እውነታቸውን ነው። በዚያው ሳምንት የሕይወት አድን ጃኬት ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ሳልለብሰው ውሃ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ሰው ሁሉ «አትበሳም ወይ?» ይለኛል። ትበሳለች፤ እስካሁን አራት ጊዜ ተበስታለች። እኔ የፈራሁት ውሃ ውስጥ የቀሩትን የዛፍ ጉቶዎች ነበር። ከአራቱ ግን ሁለቱን የበሳት አምባዛ ነው። በደረቱ ክንፍ ላይ ያለው አጥንት እንደ ወስፌ የሾለ ነው፤ ወለሉ ላይ ሲንፈራገጥ ጎኗን ወጋት። ቀረሶም የጀርባውን እሾህ ሲያቆም የዋዛ አይደለም። አሁን ጎንና ጎኗን በወፍራም ሸራ ሸፍኛለሁ፣ የያዝኩትን ዓሣ ደግሞ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ነው የማስገባው። ሸራው ከገባ ወዲህ ዓሣ አልበሳትም።

ጥገናው ላይ ብዙ ተምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ጎሚስታ ጋ ወስጄ አስለጠፍኩት፤ በሦስተኛው ቀን ተላቀቀ። የጎሚስታው ጥፋት አይደለም። የእሱ ማስቲሽ ለጎማ የተሠራ ነው፣ ፒቪሲ አይዝም። ለፒቪሲ የሚሆነው ማጣበቂያ ሌላ ነው፤ ከጀልባው ጋር አንድ ጣሳ ካልመጣላችሁ አስመጡ። ቦታውን በአሴቶን ትጠርጋላችሁ፣ በሻካራ ወረቀት ለስለስ አድርጋችሁ ትፍቃላችሁ፣ ጨርቁንም ልጣፉንም ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ትቀባላችሁ፣ ጣት ላይ ያዝ ማድረግ ሲጀምር ትጫኑታላችሁ። ከዚያ ድንጋይ ጭናችሁበት አንድ ቀን ሙሉ አትንኩት። በክረምት ይህን ቤት ውስጥ፣ እርጥበት የሌለበትና እሳት የማይነድድበት ክፍል ካልሆነ አትሞክሩት። ሐምሌ ላይ በረንዳ ላይ የለጠፍኩት ከእርጥበቱ የተነሣ ነጭ ሆኖ ተነሣ።

ሌላው ጠላቷ ፀሐይ ነው። አምራቹ ጎኗ እስከ 0.25 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይነፋ ይላል። ጠዋት በብርዱ ልክ አድርጌ ነፍቻት ሚያዝያ ላይ ደረቅ ዳር ላይ ትቻት ምሳ በላሁ። ስመለስ እንደ ከበሮ ተወጥራለች፣ ሞተር በሚታሰርበት ጣውላ በኩል ያለው ስፌት ጫፉ ተነሥቷል። አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ውሃው ላይ ስትሆን ውሃው ያቀዘቅዛታል፣ ዳር ላይ ግን የሚያቀዘቅዛት የለም። አሁን ዳር ላይ የማቆያት ከሆነ ከየክፍሉ ትንሽ አየር አስተነፍስና በሸራ እሸፍናታለሁ።

ወደ ሞተሩ ልምጣ። 3.5 የፈረስ ጉልበት ነው የተባለው። ቆጋ ግን 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ስለሚያጣ እኔ እጅ ላይ ሦስትም አይሞላም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው በየሁለት ሳምንቱ ጥላሸት ይለብስ ነበር። የሞተር ሳይክል መካኒክ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ማሳለፊያ ጠባብ በሆነች ቀየረልኝና ተሻለው። ፕሮፔለሩን የምትይዘው ፒን ጉቶ ስትመታ ሁለቴ ተሰብራለች። እንድትሰበር ነው የተሠራችው፤ በእሷ ፈንታ ሚስማር እንዳታስገቡ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰበረው ጥርሱ ይሆናል። ሲጓጓዝም መመሪያው በሚፈቅደው ጎን ብቻ አስተኙት፣ አለበለዚያ ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልቻልኩት የግንቦቱን ጭቃ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሥር ውሃ እየሳበ ነው። ውሃው ሲጎድል ጭቃ ይስባል፣ ከኋላ በቀጭኑ የምትፈሰው ውሃ ትቋረጣለች። ያቺ ውሃ ስትቋረጥ ሞተሩን ወዲያው ካላጠፋችሁ ይነድዳል። ስለዚህ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ሞተሩ ቤት ይቀመጣል። በትክክል የሠራልኝ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ውሃው ሞልቶ ወዲያኛው ዳር ሲርቅ ብቻ ነው።

ከጀልባዋ ጋር የመጡት መቅዘፊያዎች ቀላል ናቸው፣ ግን አንዱ በየካቲት ነፋስ መሐሉ ላይ ተሰበረ። ከእንጅባራ የመጣ ቀርከሃ ገዝቼ ርዝመቱን በሜትር በሜትር ምልክት አደረግሁበት። አሁን ቀርከሃው ጥልቀት ይለካል፣ ጥልቀት በሌለበት ይገፋል፣ ጉቶም ይፈልጋል። ከሞተሩ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። መልህቄ ድንጋይ የሞላ ማዳበሪያ ነው፤ ስለት ስለሌለው ጨርቁን አይቆርጥም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይህች ጀልባ እንደ ቅጠል ትነዳለች። ባዶ ባልዲ በገመድ ከኋላ ስጎትት ግን ትረጋለች፣ ክሩም ከመንጠቆው ጋር ዝም ይላል።

ዓሣውም እንደ ውሃው ነው። በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ውሃው ስለሚበርድ ቀረሶ አፉን አይከፍትም። በሌሊት ተነሥቼ ስንት ቅዳሜ እጄ ደንዝዞ ባዶዬን ተመልሻለሁ። አሁን የምወጣው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሦስት አራት ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በዳጉሳ ሊጥ፣ በቀጭን 0.25 ሚሊሜትር ክር። ክሩ ሲወፍር ቀረሶ ያያል መሰለኝ፣ ይነካካና ይተዋል።

የካቲት አጋምሶ ውሃው ሲሞቅ ቀረሶ ወደ ዳር ይወጣል። ወንዱ አሸዋማው ቦታ ላይ እንደ ሣህን ክብ ጎድጓዳ ይቆፍራል፣ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። አንድ ጊዜ መንጠቆ የያዛት ሴት እጄ ላይ እንቁላሏን ስትተፋ አይቻለሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ክቦቹ ባሉበት ክር አልጥልም። ዐቢይ ጾም ገብቶ ዓሣ ፈላጊው ሲበዛ ይህን መጠበቅ ይከብዳል፣ ግን ያቺን አንዲት ሴት ማውጣት የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ማውጣት ነው።

ሚያዝያና ግንቦት የአምባዛ ነው። ውሃው ሲያንስና ሲደፈርስ ዓሣው ይሰበሰባል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የዶሮ አንጀት ወይም የመሬት ትል መሬት ድረስ አውርዶ መጠበቅ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ግን ውጡ። በዚህ ወር በረዶውና መብረቁ ድንገት ነው የሚመጣው፣ ግድቡ መሐል ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው እናንተና ቀርከሃችሁ ናችሁ።

ክረምት ላይ ወንዙ ቀይ አፈር ይዞ ይገባል። አምባዛ ውሃ በተኛበት ሣር ውስጥ ሊራባ ይገባል፣ ነጭ ዓሣ ደግሞ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ያን ጊዜ የወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋውን ሰው፣ ከዚያም ከፍቶ ብርብራ የሚባለውን ዓሣ የሚያደነዝዝ የዛፍ ፍሬ ውሃ ውስጥ የሚበትነውን ሳይ ልቤ ይደማል። ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። እኔ በእነዚህ ወራት ዕቃዬን እጠግናለሁ።

ጥቢ ሲመጣ ውሃው ይጠራል፣ ዳሩ በአደይ አበባ ይሞላል፤ ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ያን ነው። ባለፈው መስከረም የሽማግሌው ታንኳ ውሃ ጠጥታ ከብዳ ፀሐይ ላይ ተሰጥታ ስለነበር «አባባ፣ እስቲ በእኔዋ እንውጣ» አልኳቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ጎኗን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ ምንም አላሉም። ቀርከሃውን ግን ከእጄ ተቀብለው እስከ ማታ አልመለሱልኝም። ከዚያ ወዲህ ታንኳቸው ስትደርቅ አብረን ነው የምንወጣው።

ሞተሩን ጣና ላይ ለሚሠራ ሰው ልሸጥለት ተነጋግረናል። ከገንዘቡ አንድ ጣሳ ማጣበቂያና ለእሳቸው የሚሆን ጃኬት እገዛበታለሁ።