የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ ከካሴት ወደ ፍላሽ፦ ስለ ደሴው ካሴት ገልባጭ ቤት

ወጋየሁ ንጋቱ ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ሰው ከሬዲዮ የቀዳቸው ካሴቶች ግን ወሎ ውስጥ ዛሬም ከየሣጥኑ ይወጣሉ። ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሳን፣ ሰብለ ወንጌልን ብቻውን የተጫወተ ሰው ነውና ካሴቱን የሚያስገለብጥ ሁሉ የሚሳሳው ለዚያች ድምፅ ነው።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለው ቤት ግልበጣውን አሳምሮ ይሠራል። «ማጽዳት» የሚሉትን፣ የካሴቱን የ«ሽሽ» ድምፅ (ሽሽታ) በኮምፒውተር ፕሮግራም ማጥፋቱን፣ ግን እንዳታሠሩ።

ካሴት እንደተቀበሉ ቴፕ ውስጥ አይከቱም፤ ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። ደሴ ብርድና ጭጋግ አያጣትም፤ ዓመታት ሣጥን ውስጥ የከረመ ክር ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። እንዲያው ከተጫወተ ሻጋታው ክሩን በሚያነበው የቴፑ ክፍል፣ «ሄድ» በሚሉት ላይ፣ ተለጥፎ ድምፁን ያፍናል፣ ለቀጣዩም ካሴት ይተርፋል። እዚህ አምስቱን ብሎኖች በቀጭን ካቻቢቴ ፈትተው ሻጋታውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ያነሳሉ። ክሩን ሄዱ ላይ የሚጫነው ስፖንጅ ከወደቀ ከሌላ ካሴት አውጥተው ይተካሉ፤ ያለ እሱ ድምፁ እየራቀ እየቀረበ ያስቸግራል። ብሎን የሌለው ድፍን ካሴት ከሆነ ቀፎውን ሰንጥቀው ክሩን ወደ ባለብሎን ቀፎ ያዛውሩታል። ከዚያ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ አጠንጥነው ሄዱን በአልኮልና በጥጥ ጠርገው ይጀምራሉ። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት ሙሉ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ባለ 90ው ክሩ ስስ ስለሆነ ቴፕ ቶሎ ይበላዋል፤ ደጋግመው እንዳያጠነጥኑት ንገሯቸው።

ካልጠየቃችሁ የማያደርጉት አንድ ነገር አለ። ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ሄዱ ትንሽ ያዘነበለ ከነበረ፣ በሌላ ቴፕ ሲጫወት «ሰ» እና «ሸ» ይደነዝዛሉ። ከሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን ጥቂት ጥቂት እያዞሩ «ሰብለ» የሚለው ስም ጥርት እስኪል ማስተካከል ይቻላል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለእያንዳንዱ ካሴት ይደረግልን በሉ።

ማጽዳቱ ላይ ግን ያዝናል ሰው። ወጋየሁ ከአንዱ ገጸ ባሕርይ ወደ ሌላው የሚሻገረው በድምፁ ውፍረት ብቻ አይደለም፤ ከንግግሩ በፊት በሚስባት ትንፋሽና በሚተዋት ዝምታ ጭምር ነው። ሽሽታውን የሚያጠፋው ፕሮግራም ትንፋሹንም ሽሽታ መስሎት ይወስደዋል። የሚቀረው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ነው። የሬዲዮው ሞገድ መንጫጫትማ ከድምፁ ጋር አብሮ የተቀዳ ስለሆነ ጭራሽ አይወጣም።

ስለዚህ ያልተነካውን ቅጂ በዋቭ፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ ጠይቁ። የሬዲዮ ቅጂ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ) ስለሆነ በስቴሪዮ (በሁለት መስመር) መቅዳቱ ቦታ ማባከን ነው፤ የ30 ደቂቃው አንድ ገጽ በሞኖ 160 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፣ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ወደ 50 ገጽ ይችላል። ለስልክ የሚሆን፣ ተጨምቆ ያነሰ ኤምፒስሪ ከዚያው ያወጡላችኋል፤ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ከሆነ ገጹ 30 ሜጋባይት አይሞላም።

ፋይሉን «ትራክ 1፣ ትራክ 2» ብለው ነው የሚሰጡት፤ የትኛው የትኛውን እንደሚከተል ይጠፋል። በካሴቱ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውን እያያችሁ እዚያው አሰይሟቸው። ካሴቱንም ስትረከቡ ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሯቸው፤ ካልተሰበሩ አንድ ልጅ ሪከርድ ቢጫን በጉዱ ካሳ ንግግር ላይ ዘፈን ይቀዳበታል።