ሻብሊ ወይስ ሜርሶ? አንድ የወይን ዘር፣ ሁለት ጣዕም

ሁለቱም በፈረንሳይ የቡርጎኝ ክልል ነጭ ወይኖች ናቸው፤ ሁለቱም ሻርዶኔ ከተባለው ነጭ የወይን ዘር ብቻ ይሠራሉ። ብርጭቆ ውስጥ ሲገቡ ግን ዝምድናቸው ይጠፋል።

ሻብሊ የሚመጣው ከክልሉ ብርዳማ ሰሜን ነው። አፈሩ የጥቃቅን ኦይስተር (ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ) ቅሪት የሞላበት የኖራ ድንጋይና ሸክላ ነው። ወይኑ በአብዛኛው በብረት ጋን ስለሚብላላ የሎሚና የአረንጓዴ ፖም ሽታው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ኮምጣጣነቱ ምራቅ ያስመጣል። እዚያው ቡርጎኝ ውስጥ ካለችው ቦን ከተማ በስተደቡብ ያለው ሜርሶ ደግሞ 228 ሊትር በሚይዝ የኦክ እንጨት በርሜል ይብላላል፣ ከአተላው ጋር ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ቅቤና የተቆላ ለውዝ ይሸታል፣ አፍ ይሞላል። ሻብሊን በ10፣ ሜርሶን በ12 ወይም 13 ዲግሪ ቅመሱ። ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው የተቀዳ ሜርሶ ሽታው ስለሚታፈን 20 ደቂቃ ታገሡት።

ወቅቱን ለሚከታተል ሰው ግን የሚያጓጓው ሻብሊ ነው። ሻርዶኔ ፒኖ ኗር ከተባለው የቀይ ወይን ዘር ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ የኤፕሪል ውርጭ ለጋውን እንቡጥ ያቃጥለዋል። ገበሬዎቹ ሌሊት በተክሎቹ መካከል ትልልቅ ሻማ ያበራሉ፣ ወይም ውኃ ይረጫሉ። ውኃው ወደ በረዶ ሲረጋ ሙቀት ስለሚለቅ እንቡጡ በበረዶ ተሸፍኖ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። በረዶው ሳይቀልጥ ውኃው ከተቋረጠ ግን እንቡጡ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኤፕሪል ውርጩ ሁለቱንም መታ፣ ምርቱም ክፉኛ አሽቆለቆለ።

ከአበባ እስከ ለቀማ 100 ቀን ያህል ነው። ለጀማሪ ምርጫችን ሻብሊ ነው፤ በርሜል ስለማይጫነው የወይኑን ዘር ራሱን ያስተምራል።