ከኮዬ ፈጬ ሆኖ በካሜራ ቁጥጥር ስር የሥራ ፈተና መውሰድ

ባለፈው ወር ዋና መሥሪያ ቤቱ ውጭ አገር በሆነ አንድ ድርጅት ለሶፍትዌር መሐንዲስነት ተወዳድሬ፣ የመጀመሪያውን ፈተና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ካለው ቤታችን ሆኜ፣ ተቆጣጣሪ በካሜራ እያየኝ ወስጃለሁ። ፈተናውን የሚያካሂደው ቀጣሪው ራሱ ሳይሆን ለዚሁ ተግባር ውል የገባ ሌላ ኩባንያ ነው፤ እዚህ የምገመግመውም የዚያን ኩባንያ አገልግሎት ነው። ከከተማው ዳር ሆነው ተመሳሳይ ፈተና ለሚጠብቁ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን የገጠመኝን በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

የምዝገባው ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኔ የአባቴን ስም ሞላሁ፤ ፓስፖርቴ ላይ ግን የአያቴም ስም ስላለ ሁለቱ አልገጠሙም፤ ከተቆጣጣሪዋ ጋር 10 ደቂቃ ያህል በጽሑፍ ተመላልሰን ተግባባን። ስለዚህ ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው ፊደል በፊደል ሙሉ። የቀጠሮውን ሰዓትም ደግማችሁ እዩ፤ የተላከልኝ 10:00 በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ማለት ነበር።

ከዚያ ላፕቶፑን አንሥቼ ክፍሉን ዙሪያውን እንዳሳይ ታዘዝኩ። አልጋውን፣ የጠረጴዛውን ሥርና የበሩን ጀርባ አሳየሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካላንደር ጽሑፍ ስላለበት ይውረድ ተባለ፤ እናቴ የበዓላቱን ቀን በእስክሪብቶ ያከበበችበት ካላንደር ነው፤ አውርጄ ከበሩ ውጭ አስቀመጥኩት። የሰው መኝታ ክፍል እንዲህ ሲፈተሽ ቀላል ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ኦሃዮ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከፈተና በፊት የተማሪውን ክፍል በካሜራ ማስቃኘቱ ሕገ መንግሥቱ ከአግባብ ውጭ ከሆነ ፍተሻ የሰጠውን ጥበቃ ይጥሳል ሲሉ ወስነዋል። ውሳኔው የግል ቀጣሪዎችን የሚመለከት አይደለም፤ ነገር ግን የቤቴ ምስል የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚሰረዝ ቢያንስ ሊነገረኝ ይገባ ነበር፤ አልተነገረኝም።

የተቀመጥኩት ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ስለነበር ፕሮግራሙ ፊቴን መለየት አቃተው፤ ጠረጴዛውን አዙሬ ብርሃኑ ከፊቴ ሲመጣ ተስተካከለ። ይህ የመብራት ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ ለማለፍ ይከብደኛል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ የፊት ምስል አይተው ጾታ የሚለዩ ሦስት የንግድ ፕሮግራሞችን ፈትሸው፣ ስሕተቱ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ፣ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ግን ከ0.8 በመቶ እንደማይበልጥ አሳይተዋል። ፊቴን ማየት የተሳነው ፕሮግራም እኔን ተጠርጣሪ አድርጎ እንዳይመዘግብ ኃላፊነቱ የኩባንያው መሆን አለበት።

ፈተናው ራሱ ግን ከልብ የማመሰግነው ነው። ሁለት ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ። ጥያቄዎቹን ላለመግለጽ ስለተስማማሁ አልጽፋቸውም። ኮዱ በትንንሽ ምሳሌዎች ላይ ትክክል መልስ መስጠቱ ብቻ አያሳልፍም፤ ለተፈታኙ በማይታዩ ትልልቅ ግብዓቶችም ይሞከራል። ለምሳሌ 100 ሺህ ቁጥሮችን እርስ በርስ የሚያነጻጽር ኮድ 5 ቢሊዮን ገደማ ንጽጽር ስለሚያደርግ የተሰጠው ጊዜ ያልቅበታል፤ ያለፈባቸውን በሃሽ ቴብል (የተመዘገበን ነገር ሁሉንም ሳይፈትሹ ወዲያው ለማግኘት በሚያስችል የመረጃ አቀማመጥ) እየመዘገበ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዘልቅ ኮድ ግን ወዲያው ይጨርሳል። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሸመደደውንና የገባውን ሰው ይለያል፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ተማርሽ ብሎም አይጠይቅም።

በ40ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፤ ራውተሩ ግን ጠፋ። ደንቡ ስልክ ክፍል ውስጥ እንዳይገኝና ተፈታኙ ከመቀመጫው እንዳይነሣ ይከለክላል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ሲጠፋ ያለው ኢንተርኔት የስልክ ዳታ ብቻ ነው። አስቀድሜ ታናሽ ወንድሜን ነግሬው ስለነበር ሳሎን ሆኖ ሆትስፖቱን ከፈተልኝ። እስክገናኝ 4 ደቂቃ ሄደ፤ ሰዓቱ ግን አልቆመም። ትልቁ ቅሬታዬ ይህ ነው፤ ግንኙነቱ መቋረጡን ሥርዓቱ ራሱ እየመዘገበ ሰዓቱን አለማቆሙ አግባብ አይደለም። ጥቂት ቆይቶ ከታች ከብሎኩ ሥር «ቁራሌው!» የሚለው ድምፅ ሲገባ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። መስኮቱን ዘግታችሁ፣ ቢቻል ከስልክ የተለየ የሲም ካርድ ዋይፋይ ተውሳችሁ፣ ዳታም በበቂ ሞልታችሁ ተቀመጡ፤ የእኔ ከ1 ጊጋባይት በላይ ፈጅቷል።

ለጥያቄዎቹ ከአምስት አምስት፣ ለቁጥጥሩ ከአምስት ሁለት እሰጣለሁ።

ከሳምንት በኋላ ከድርጅቱ መሐንዲስ ጋር በቪዲዮ 45 ደቂቃ ተነጋገርን። የፈተናው መዝገብ ፊቱ ተከፍቶ ነበርና፣ በ40ኛው ደቂቃ ላይ መጻፍ ለምን እንዳቆምኩ ጠየቀኝ። መብራት ጠፍቶ እንደነበር ነገርኩት። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሳልጨርሰው የቀረውን ክፍል ከፍቶ «እስቲ ከዚህ ቀጥይበት» አለኝ፤ እያስረዳሁት በ7 ደቂቃ ጨረስኩት።