በባሌ ተራሮች በቡድን ለመስፈር ለምታስቡ፦ ዲንሾ ላይ ያመሰገንነውና አዲስ አበባ ላይ ያዘንንበት

ጥምቀትን አዲስ አበባ ካከበርን በኋላ፣ ከዴንቨር የመጣነውና አገር ቤት የሚኖሩት ዘመዶቻችን አንድ ላይ ሆነን በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ድንኳን ተክለን ጥቂት ሌሊቶችን አደርን። ይህን የምጽፈው ልጆቻቸውን ይዘው ተመሳሳይ ጉዞ ለማድረግ ለሚያስቡ ወገኖች ነው። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ባለባት በዲንሾ ከተማ ያገኘናቸው አስጎብኚዎች፣ ባለፈረሶችና ምግብ አብሳዩ ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ሰው የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ሙሉውን ገንዘብ የተቀበለን አስጎብኚ ድርጅት ግን አምነን የሰጠነውን ገንዘብ ለተከፈለበት ሥራ አላዋለውም፤ በዚህም ሕፃናትና አንዲት እናት በብርድ ተቀጥተዋል።

ባሌን የመረጥነው ከብዙ ምክክር በኋላ ነበር። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር ፓርኩን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ዴንቨር ያለን ዘመዳሞች እየተደዋወልን እንኳን ደስ ያለን ተባብለን ነበር። ልጆቻችንም በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ውስጥ እንደሚኖሩ ከእኛ ከሰሙበት ቀን ጀምሮ መቼ ትወስዱናላችሁ ማለታቸውን አላቆሙም። ኮሎራዶ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ተራራ ላይ ስለምንሰፍር ድንኳንም ብርድም ለልጆቹ እንግዳ አልነበሩም።

ድርጅቱን የጠቆመን ዘመድ ነው። በኢሜይል የላከልን ውል የመኪናውን፣ የፓርክ መግቢያውን፣ የመስፈሪያ ቦታውን፣ የአስጎብኚውን፣ የፈረሶቹንና የባለፈረሶቹን፣ የምግብ አብሳዩን፣ የስሊፒንግ ባጉንና የመጸዳጃ ድንኳኑን ወጪ ሁሉ እንደሚያጠቃልል በግልጽ ይናገራል። ቀብድ ከፍለን ቀሪውን ስንደርስ እንድንጨምር ብንጠይቅ፣ ፈረሶቹ አስቀድሞ ካልተከፈለባቸው እንደማይያዙ ስለተነገረን ሙሉውን በዶላር ላክን። ሒሳቡ የተሠራው ለሁላችንም በውጭ አገር ዜጋ ተመን ነበር። አዲስ አበባ ተወልደው አዲስ አበባ የሚኖሩት የአክስቴ ልጆች የቀበሌ መታወቂያ ይዘው ሳለ በአገራቸው እንደ ቱሪስት ለምን እንደተቆጠሩ ስንጠይቅ፣ የቡድን ዋጋ አንድ ነው የሚል መልስ ተሰጠን።

የጉዞው ቀን ደግሞ ውሉ ላይ በተጻፉት ላንድክሩዘሮች ፈንታ አንድ ሃይሩፍ መጣልን። ሻንጣችንን ጉልበታችን ላይ አቅፈን በአሰላና በዶዶላ በኩል አድርገን ዲንሾ የደረስነው ከመሸ በኋላ ነው። ሹፌሩን ግን ሳላመሰግነው አላልፍም፤ ጥንቁቅና ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ስለ መኪናው ለውጥም ከእኛ የተሻለ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተጭነው ይጠብቁናል የተባሉት ፈረሶች በቦታው አልነበሩም። ከአስጎብኚዎቹ ማኅበር የመጣ አንድ ወጣት አክስታችንን "እማማ፣ እንደምን አደሩ" ብሎ በሁለት እጁ ከጨበጣት በኋላ፣ ነገሩን ሳይደብቅ ነገረን። ድርጅቱ ለማኅበሩ የደወለው በቅርቡ ሲሆን፣ ያዘዘው አንድ አስጎብኚና ከሚያስፈልጉን ፈረሶች ግማሹን ብቻ ነው፤ የላከው ቀብድም ለእነዚህ እንኳ አይበቃም፤ ምግብ አብሳይ የሚባል ነገር ጭራሽ አልተነሣም። ወጣቱ ይህን ሲነግረን ጥፋቱ የእሱ ያህል አፍሮ ነበር፤ እኛም የምንቆጣበት ሰው ፊታችን ስላልነበረ ዝም ብለን ቆምን።

ከዚያ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሄድን። የመግቢያው ክፍያ ቀደም ብሎ ተፈጽሟል ተብለን ስለነበር ስማችንን ብቻ አስመዝግበን የምናልፍ መስሎን ነበር። ሠራተኛዋ የደረሰኝ ጥራዟን ገልጣ፣ በድርጅቱም ሆነ በእኛ ስም የተቆረጠ ምንም ነገር እንደሌለ ገጽ በገጽ እያሳየች አስረዳችን። ከዚያም እያንዳንዳችንን በያዝነው ሰነድ መሠረት በየተመናችን አስከፍላ፣ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ቆርጣ ሰጠችን። ድምሩ ውሉ ላይ በፓርክ ክፍያ ስም ከተያዘብን ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነበር። በእርግጥም የአክስቴ ልጆች ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ እንደ ማንኛውም የአገሩ ሰው ነው የከፈሉት።

በዚያ ጠዋት ለድርጅቱ ያልደወለ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። መጀመሪያ ገንዘቡ በባንክ ተልኳል፣ ሲስተም ስለሌለ ነው የዘገየው ተባልን፤ ቀጥሎ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን፤ በመጨረሻ ስልኩ ተዘጋ። ልጆቹ በፀሐይ ላይ መሬት እየጫሩ ይጠብቃሉ፣ ከዴንቨር የመጡት ሁለቱ ትንንሾች ራስ ምታት ጀምሯቸዋል፤ ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ዴንቨርን በከፍታ እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታዳምጠን የነበረችው አክስታችን፣ "ልጆቼ፣ እዚህ ድረስ መጥተንማ አንመለስም፤ ለሰዎቹ ክፈሏቸውና እንሂድ፤ ሌላውን እግዜር ያውቃል" ስትል ነገሩ ተቆረጠ። ለማኅበሩ በተለጠፈው ተመን መሠረት የፈረሶቹን፣ የባለፈረሶቹንና የአስጎብኚውን ከፈልን፤ አስጎብኚውም ምግብ አብሳይ ከከተማው አፈላልጎ አመጣልን። የጎደሉትን ፈረሶች ከግጦሽ ሰብስቦ፣ ጭኖ መነሣት ራሱ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ጉዞ የጀመርነው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ነው። በጠቅላላው፣ አስቀድመን ከላክነው ገንዘብ ሲሶ ያህሉን ዲንሾ ላይ እንደገና አወጣን ማለት ነው።

ኮሎራዶ ውስጥ በቡድን መስፈር የሚፈልግ ሰው የመንግሥት በሆነው የኢንተርኔት መመዝገቢያ ገብቶ የቦታውን ቁጥር፣ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ስንት መኪና እንደሚያቆምና የአንዱን ሌሊት ዋጋ አይቶ በቀጥታ ይከፍላል፤ በመካከል የሚገባ እጅ የለም። እዚያ ደርሰን የምናገኘው ግን የእንጨት ጠረጴዛና የብረት እሳት ማንደጃ ነው፤ ዕቃ የሚያሸክመን ቀርቶ እንደምን አደራችሁ የሚለን ሰው አይገኝም። ዲንሾ ላይ እንግዳ የሚቀበል ሰው ሞልቷል፤ ያ በማኅበሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የተመን ወረቀት ዴንቨር ሆነን ልናየው የምንችለው ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ባልደረሰብን ነበር።

በመዘግየታችን ምክንያት ሶዶታ ወደተባለው መስፈሪያ በዚያ ቀን መድረስ እንደማንችል አስጎብኚው ገና ስንነሣ ነግሮን፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት ፊንጫ ሃበራ ፏፏቴ አጠገብ እንድናሳልፍ አደረገ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ድንኳኖቹ ተተክለው ያለቁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ማገዶውን የባሕር ዛፍ እንጨት ከዲንሾ ገዝተን በፈረስ አስጭነን ነበር፤ አስታ የተባለው የደጋ ዛፍ ዓይናችን ሥር ቢኖርም አስጎብኚው አንድም ቅርንጫፍ እንዲሰበር አልፈቀደም።

በጥር ወር የዚያ አገር ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፣ ሌሊቱ ያቆረፍዳል። ድርጅቱ በከረጢት አሽጎ የላከልንን ስሊፒንግ ባጎች የፈታነው በዚያች ማታ ነበር። አብዛኞቹ ለቆላ እንኳ የማይበቁ ስስ ጨርቆች ናቸው፤ የሁለቱ ዚፕ ጭራሽ አይዘጋም፤ ከአንዱ ውስጥ የቀድሞ ተጠቃሚ ካልሲ ወጣ። ውሉ ላይ የተጻፈው ለደጋ ብርድ የተሠሩ እንደሆኑ ነበር። ምግብ አብሳዩ ይህን ሲያይ ምንም ሳይናገር ትልቁን ድስት ውኃ ሞልቶ እሳት ላይ ጣደ፤ ውኃው ሞቅ እንዳለ በባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች እየቀዳ፣ ክዳናቸውን አጥብቆ፣ በየልጁ ካልሲ ውስጥ እየከተተ በየመኝታቸው እግርጌ አኖረላቸው። ከባለፈረሶቹ በዕድሜ ትልቁ ሰው ደግሞ የለበሱትን ቡልኮ አውልቀው አክስታችንን አለበሷት። አባባ፣ እርስዎስ ብንላቸው በአፋን ኦሮሞ የመለሱልንን አስጎብኚው ሲተረጉምልን፣ "እኔ የእሳቱ ጎረቤት ነኝ፤ እሷ እንግዳ ናት" ማለታቸው ነው። ጠዋት ስንነሣ በሳህን የተረፈው ውኃ ጠጥሮ ነበር። አክስታችን ሌሊቱን ተኝታ ማደሯን ሳይ ለእኚህ ሰው ምን እንደምል ቃል አጣሁ፤ አሁንም ቢሆን ይህን ለጻፍኩበት ዋናው ምክንያት እሳቸውና ምግብ አብሳዩ ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት አስጎብኚው ከሰፈርንበት ብዙ ወደማይርቀው የፊንጫ ሃበራ ዋሻ ወሰደን። ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ በሚገኘው በዚህ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ በዓለም ላይ እንዲህ ባለ ከፍታ የሰው ልጅ ስለመኖሩ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ከላይ ያለው የተራራው ክፍል በከፊል በበረዶ ግግር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን፣ ትልቁን የባሌ ፍልፈል እሳት ላይ እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር ከተቃጠሉት አጥንቶች ታውቋል። ወጣቱ ይህን በሸመደደው ቃል ሳይሆን ዋሻው ውስጥ እጁን እየዘረጋ፣ ምድጃው የነበረበትን እያመለከተ ለልጆቹ በሚገባቸው መንገድ ነው ያስረዳው። ከዴንቨር የመጣው የወንድሜ ልጅ ያለፈውን ሌሊት ብርድ ያስታውስ ነበርና፣ ያለ ስሊፒንግ ባግ እንዴት እንደቻሉት ደጋግሞ ጠየቀ።

ቀይ ቀበሮ ያየነው በዌብ ሸለቆ ነው። አስጎብኚው እጁን ሲያነሣ ፈረሶቹ ሁሉ ቆሙ። ቀበሮው ጆሮዎቹን ወደፊት አቅንቶ፣ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ፣ የፍልፈሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ቆየ፤ ከዚያ ተወርውሮ አፍንጫውን አፈር ውስጥ ቀበረና ባዶውን ተመለሰ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ተመለከቱ። የእነዚህ እንስሳት ትልቁ ጠላት ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እንደሆነ፣ ስለዚህም በአካባቢው ያሉ ውሾች እንደሚከተቡ ወጣቱ ሲነግራቸው ያደመጡትን ያህል አስተማሪያቸውን የሚያደምጡ አይመስለኝም።

የመጸዳጃ ድንኳኑ አልመጣም። ባለፈረሶቹ ከወንዙ ራቅ አድርገው ጉድጓድ ቆፍረው በሸራ ከለሉልን፤ ስንነሣም ደፍነው ሄዱ። ምግቡ ሽሮ፣ የገብስ ቂጣ፣ ድንችና ካሮት ነበር፤ ባለፈረሶቹ ከቤታቸው ያመጡትን ጭኮ አካፍለውናል፤ ጎደለ የምለው ነገር የለም።

አዲስ አበባ እንደተመለስን ከፓርኩና ከማኅበሩ የተቀበልናቸውን ደረሰኞች ሁሉ ይዘን ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄድን። ደረሰኞቹን ፎቶ አንሥተው፣ ሒሳብ ክፍሉ አይቶ በሳምንት ውስጥ ይመልስላችኋል አሉን። ይህን እስከምጽፍ ድረስ የተመለሰልን የመኪናው ልዩነት ብቻ ነው፤ የፓርኩና የፈረሶቹ ገንዘብ ገና በእጃቸው ነው። ስለ ስሊፒንግ ባጎቹ ያሉን ነገር ቢኖር ሌላ ቡድን ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም የሚል ነው።

ለመሄድ ያሰባችሁ ወገኖች፣ መኪናችሁን ብቻ ከአዲስ አበባ ተከራይታችሁ፣ አስጎብኚውን፣ ፈረሱንና ምግብ አብሳዩን ዲንሾ ካለው ማኅበር ጋር በስልክ ተነጋገሩ፤ የፓርኩንም ክፍያ ራሳችሁ ጽሕፈት ቤቱ ገብታችሁ ክፈሉ። መታወቂያ ያለው ሁሉ መታወቂያውን ይያዝ። ስሊፒንግ ባግ ከምትኖሩበት አገር ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል፤ ሻንጣ ከበዳችሁ እንኳ ለልጆቹ አትተዉት። በመጀመሪያው ቀን ከዲንሾ ብዙ አትራቁ፤ ከፍታውን ሰውነታችሁ ይልመደው። ለባለፈረሶቹ ጉርሻ ስትሰጡ በአንድ ሰው እጅ ሳይሆን ለእያንዳንዱ በእጁ ስጡት።

እኛ ለመጪው ታኅሣሥ የጥንት በረዶ ቦርቡሮት በሄደው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ዳር ልንሰፍር አስበን ቀብዱን በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ አስገብተናል፤ ምግብ አብሳዩና ቡልኮአቸውን የሰጡን አባት አብረውን እንዲሆኑም በስም ጠይቀናል።