የዛገ ቡሎን፦ በዘይት ወይስ በእሳት?

አሮጌ የጓሮ ትራክተር ማደስ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከሞተሩ ጋር ሳይሆን ከዛገ ቡሎን ጋር ነው። ምርጫው ያው ዝገት ውስጥ ሰርጎ የሚገባ ዘይት ወይ እሳት ነው።

ዘይቱ ትዕግስት ይፈልጋል፣ ነፍተህበት ወዲያው ቁልፍ ብታስገባ ዋጋ የለውም። ማታ ነፍተህ ጠዋት ትደግማለህ፣ በመሃል ጭንቅላቱን በመዶሻ ኳ ኳ ታደርገዋለህ (ንዝረቱ ዝገቱን ስለሚሰነጣጥቀው ዘይቱ መግቢያ ያገኛል)፣ እንዲህ እያልክ ሁለት ሦስት ቀን። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) እኩል በእኩል መቀላቀልም አሪፍ ነው፣ ግን ስለሚለያይ ሁሌ በጥብጠው።

እሳት ግን ሌላ ነገር ነው ባካችሁ! የምታሞቀው ዳዶውን (ቡሎኑ ላይ የሚጠመዘዘውን) ነው እንጂ ቡሎኑን አይደለም፣ ዳዶው ሲሰፋ ዝገቱ ይላቀቃል። እኔ አክስሉ ላይ የተጣበቀ የኋላ ቸርኬ ሳምንት ሙሉ ዘይት ሳጠጣው ከርሜ ንቅንቅ አላለም፣ መሃሉን ዙሪያውን ሳሞቀው ሲጢጥ ብሎ ወጣ። ክፋቱ አጠገቡ ኩሽኔታ ወይ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዝ ጎሚኒ ካለ ታቃጥላለህ፣ አሉሚኒየም ከሆነ ደሞ 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሳይቀላ፣ ሳያስጠነቅቅህ ይቀልጥብሃል። አሴቶን የነካውን እሳት እንዳታስጠጋው፣ የቤንዚን ታንከሩንም አስቀድመህ አውጣ።

ለኔ ቀጭን ቡሎን በዘይት ብቻ ነው፣ ስትቸኩል ተበጥሶ ውስጥ ከቀረ በድሪል መብሳት ነውና። ወፍራሙን ግን ሁለት ቀን ዘይት አጠጥቼ እምቢ ካለኝ ጠርጌ አድርቄ ወደ እሳቱ ነው የምሄደው፣ ቁልፉንም መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ገፋ አደርገዋለሁ።