ጎንደር ላይ ሰርግ ያላችሁ ለፎቶ ቤት ቀሪ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

አሁን ከዛ ቤት ወጥቼ ነው የምጽፈው፣ እጄ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነው። ስም አልጠራም ግን ፒያሳ አካባቢ ያሉትን ፎቶ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ፣ በራቸው ላይ ፋሲል ግቢ የቆሙ ሙሽሮች ፎቶ በትልቁ የሰቀሉት፣ ገና ስትገቡ ለስላሳ ልክፈትልዎት የሚሉት፣ ቀብድ እስክትከፍሉ ድረስ "እትዬ" እና አንቱታ የማያልቅባቸው። ቀብድ፣ ከዛ የሰርጉ ቀን ሌላ ክፍያ፣ አልበሙ ሲደርስ ቀሪው፣ ሁሉም ጋ እንደዛው ነው፣ እኛም እንደዛው ከፈልን። የታናሽ እህቴ ሰርግ ጥር ላይ ነበር። ስምምነታችን 35 ሺህ ብር፣ አልበም፣ ትልቅ ፍሬም እና "ሙሉ ሶፍት ኮፒ በፍላሽ"።

አልበሙ ጥሩ ነው፣ እሱን አልክድም። ቀሪውን ብር በቴሌብር ላክሁ፣ ፍላሹን ተቀበልኩ፣ ቤት ገብቼ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው እያንዳንዱ ፎቶ ላይ፣ ጥግ ላይ እንዳይመስላችሁ፣ መሀል ለመሀል፣ የቤቱ ስምና ስልክ ቁጥር በነጭ ትልልቅ ፊደል ከዳር እስከ ዳር ተጋድሞበታል። ከ400 በላይ ፎቶ ነው፣ አንድም የቀረ የለም። ሙሽሮቹ የአያታችንን ጉልበት የሚስሙበት ፎቶ አለ፣ አያታችንን ለዚች ቀን ብለን ነው ከዳባት በስንት ልመና ያመጣናቸው፣ ፎቶ መነሳት የማይወዱ ሰው ናቸው፣ ሌላ እንዲህ አይነት ፎቶ የለንም። የስልክ ቁጥሩ መጀመሪያ ያለው ዜሮ ልክ አይናቸው ላይ ነው ያረፈው።

ናሙናውን ፎልደር በስህተት ገልብጠውልኝ ነው ብዬ ተመለስኩ። ሰው ሳይከፍል ስክሪንሾት አድርጎ እንዳይጠፋ ናሙና ላይ ሎጎ መጣሉ መብታቸው ነው፣ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ፣ ግን ጨርሰን ከፍለናል እኮ!

የፎቶ ቤቱ ልጅ ስልኩ ላይ ነበር፣ ቀና እንኳን አላለም። ፍላሹን ሰክቶ አየና "ልክ ነው፣ ሶፍት ኮፒሽ ይሄው" አለኝ። ታዲያ ሎጎውስ ስለው ፎቶሾፕ ከፈተ፣ የአያታችንን ፎቶ አወጣ፣ ስክሪኑ በቀኝ በኩል ሌየሮቹ፣ ማለት ፎቶውና ጽሁፉ ለየብቻ የተደራረቡበት ንጣፍ፣ ተደርድረው ይታያሉ፣ የሎጎው ሌየር አጠገብ ያለችውን የአይን ምልክት አንዴ ጠቅ አደረጋት። ጽሁፉ ጠፋ። የአያታችን ፊት ወለል ብሎ ታየ፣ ጉንጫቸው ላይ ያለው እንባ ሳይቀር። ደስ ብሎኝ "ተባረክ የኔ ልጅ፣ እሱን ነው የፈለግኩት" አልኩት። ልጁ ያችኑ አይን መልሶ ጠቅ አደረጋት፣ ጽሁፉ ተመልሶ ተጋደመባቸው። "ያለ ሎጎ አንዱ 50 ብር ነው፣ ብዙ ከወሰድሽ እናስተያይሻለን" አለኝ። ብሩን እስክልክ ድረስ አንቱ ነበርኩ፣ የእናቱ እኩያ ነኝ። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች፣ አይቻታለሁ።

ሙሉ ሶፍት ኮፒ ብለን ነው የተስማማነው ስለው "ያለ ሎጎ የሚል የት አለ?" አለ። ደግሞ ማጥፋቱ ስራ አለው፣ ጊዜ ይፈጃል ይለኛል። ይሄ ነጭ ውሸት ነው። የአጎቴ ልጅ የግራፊክስ ባለሙያ ነው፣ ከዛው ሆኜ ደወልኩለት፣ 400 ፎቶ ላይ ማንም ሎጎ በእጁ አንድ በአንድ አይለጥፍም አለኝ፣ ፎቶሾፕ ላይ ስራው አክሽን ተብሎ አንዴ ይቀዳና ሙሉ ፎልደሩ ላይ በአንዴ (በባች) ይለቀቃል፣ ላይትሩም በሚባለው ሌላ የፎቶ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ፎቶው ተዘጋጅቶ ሲወጣ፣ ኤክስፖርት ሲደረግ፣ ዋተርማርክ (በፎቶ ላይ የሚጣል ሎጎ) የምትል ሳጥን አለች፣ እሷ ላይ ምልክት ማድረግ ወይ ማንሳት ብቻ ነው። ዋናው ፎቶ አይነካም፣ ንጹህ ሆኖ እነሱው ጋ ተቀምጧል። እንደገና ኤክስፖርት ማድረግ ኮምፒውተሩ እየሰራ እነሱ ቡና የሚጠጡበት ስራ ነው፣ ለዚህ ነው 20 ሺህ ብር የሚጠይቁኝ!

እኛ እጅ ያለው ጄፔግ፣ ያለቀለት የፎቶ ፋይል፣ ላይ ግን ሌየር የሚባል ነገር የለም፣ ጽሁፉ ከፎቶው ጋር ተዋህዷል። ኦፓሲቲውን፣ ማለት የጽሁፉን ድፍንነት፣ ዝቅ አድርገው ቢያሳሱት እንኳ ከስር የሚታይ ነገር ይተርፍ ነበር፣ እነሱ ግን ድፍን ነጭ ነው ያደረጉት። ልጄ መጀመሪያ ቤት እያለን ሎጎ በሚያጠፋ የስልክ አፕ ሞክሮት ነበር፣ ጽሁፉ ጠፋ፣ ግን አፑ ከስር የነበረውን ስለማያውቅ በግምት ነው የሚሞላው፣ ለአያታችን የማናውቃቸው ሴትዮ አይን ገጠመላቸው፣ የቀሚሳቸው ጥለት ደግሞ ቅልጥ ብሎ ቀረ። እህቴ አይታው አለቀሰች።

ስማቸውን ጥግ ላይ በትንሹ ቢጽፉ ማን ይከፋዋል፣ የለፉበት ስራ ነው። ግን ከፍለን ስናበቃ የአያታችንን ፊት የማስታወቂያ ሰሌዳ አድርገው፣ እሱን ማንሻ ደግሞ ሌላ ብር መጠየቅ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ውሉ ላይ "ሶፍት ኮፒ ያለ ሎጎ፣ በሙሉ መጠኑ" ብላችሁ አስጽፉ፣ ቀሪውን ከመላካችሁ በፊት ፍላሹን እዛው ከፍታችሁ እዩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። እኔ ነገ የቴሌብሩን መልእክትና ፍላሹን ይዤ ንግድ መምሪያ እሄዳለሁ። የቤቱን ስም የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ በተለይ ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ያላችሁ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ።